ቅቤ የነካው ካሴት

ሰኞ

ካሴቱ ቅቤ ነክቶታል።

ቅቤውን ያየው ሙሉጌታ ነው። ወልቂጤ ውስጥ ቴፕ የሚጠግን ሰው እኔ የማውቀው እሱን ብቻ ነው። ካሴቱን በጥጥ ጠረግ አደረገና ጥጡን አሽትቶ ወደ እኔ ዘረጋው። "ጋሼ፣ ይሄ ካሴት ክትፎ በልቷል" አለኝ። እኔ ምንም አልሸተተኝም። ቅባቱ ግን ጥጡ ላይ ቢጫ ሆኖ ይታያል።

የማውቀውን ላስቀምጥ። ዛሬ ጠዋት አንድ የቡታጅራ ሚኒባስ ሾፌር በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ካሴት ደጄ ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። ላኪው ማን እንደሆነ ብጠይቀው "እንዳትናገር ተብያለሁ" ብሎ ሞተሩን ሳያጠፋ ሄደ። ከካሴቱ ጋር ምንም ወረቀት የለም። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ ከተጻፈው የሚነበበው "አንተነህ" የሚለው ብቻ ነው፤ የቀረው ደብዝዟል።

አንተነህ ያ ሮክ ዘፋኝ ነው። ባለፈው ክረምት አረፈ። በሕይወቱ ያሳተመው አንድ ካሴት ብቻ ነበር። የእኛ ሰው ገና አሰብ ወደብ እየሄደ በሚሠራበት ዘመን ቡታጅራ ላይ፣ ትምህርት ቤት ሜዳ ውስጥ ያለ ክፍያ እንደዘፈነ፣ ከመግቢያው በተገኘው ገንዘብም ቸሃ ውስጥ አንድ የማዋለጃ ክፍል እንደተሠራ እዚህ አገር ያልሰማ የለም። ክፍሉ ዛሬም ይሠራል። የዚያን ቀን ድምፅ ግን ማንም አልቀዳውም ሲባል ነው የኖረው።

አሁን ክፍሉን የሚያድስና ሌላ ክፍል የሚጨምር ኮሚቴ ተቋቁሟል። ለመስቀል ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ሲሰበሰብ የሚነበበውን ታሪክ የመጻፉ ሥራ የተሰጠው ለእኔ ነው፤ ጋዜጣ ቤት ስላረጀሁ። ከኮንሰርቱ የቀረ ፎቶም ሆነ ሌላ ነገር ያለው ሰው ወደ እኔ እንዲልክ በቴሌግራም አስነግረን ነበር። እስካሁን የመጣው አንድ የደበዘዘ ፎቶ ነው፤ እሱም የሌላ ሰው ሰርግ ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ፦ ማን ቀዳው? ማን ላከው? ስሙን ለምን ደበቀ? ቅቤስ ካሴት ላይ ምን ይሠራል?

ሙሉጌታ እስኪደርቅ ድረስ አላጫውትም አለ። ነገ ጠዋት። ውሃ ዛሬም አልመጣም።

ማክሰኞ

አንተነህ ነው። እውነተኛው።

መጀመሪያ የሞንታርቦው ድምፅ ማጉያ ፉጨት፣ ከዚያ ጊታሩ፣ ከዚያ ያ ጉሮሮን የሚቧጥጥ ድምፁ። ሕዝቡ መጀመሪያ ላይ ጸጥ ብሏል። አንድ ሽማግሌ በቅርብ "ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው? ያመዋል እንዴ?" ይላሉ። አንዱ "አባባ፣ ሮክ ነው" ይላቸዋል። "እሱስ ይሁን፣ ሐኪም አይቶታል ወይ?" እዚህ ላይ ሙሉጌታ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መለሰው።

ከሁሉም ቅርብ የሆነ ግን ሌላ ድምፅ አለ። የልጃገረድ ነው፤ ቴፑን የያዘችው እሷ ናት። የምትቀዳው ኮንሰርቱን ለማስቀረት ብላ አይደለም። ያን ጊዜ ሰው ሩቅ ላለ ዘመዱ ከወረቀት ይልቅ ድምፁን በካሴት ይልክ ነበር፤ እሷም አሰብ ለሚሠራ ወንድሟ እየላከች ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዘፈኑ ላይ ታወራለታለች። "ወንድምዓለም፣ አሁን ሸሚዙን አወለቀ። እማማ ብታየው! አሁን ደግሞ ተንበረከከ። አይ፣ ወደቀ መሰለኝ። የለም፣ ተነሣ።" ቀረጻ ለሚያሳድድ ሰው ይህ ካሴት የተበላሸ ነው። እኔ ግን እንዲህ ያለ ዘገባ ለመጻፍ ስንት ዓመት ደክሜያለሁ።

ሁለተኛው ጎን ላይ መብራት ይጠፋል፤ ጄኔሬተሩ መቆሙ ነው። ያፏጫሉ፣ ይሳደባሉ። ከዚያ አንተነህ ያለ ማይክ፣ ጊታሩን ብቻ ይዞ በጉራጊኛ ይጀምራል። እናቱ የቸሃ ሰው ነበሩ። ይህን ዘፈን ማንም አያውቀውም፣ አሳትሞትም አያውቅም። እኔ የጎንደር ሰው ነኝ፤ እዚህ ስኖር ጉራጊኛው ግማሹ ገብቶኛል፤ ቀሪውን ሙሉጌታ ተረጎመልኝ። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ሐኪም ቤት የሚወርዱ ሰዎች ናቸው የሚዘፍኑት። አንዱ ሲደክመው የሚተካውን በስም ይጠራል። ሕዝቡ ይህን ሲሰማ ከሜዳው ውስጥ የራሱን ስም እየጠራ መመለስ ጀመረ። ሴትዮዋ ትድረስ አትድረስ ዘፈኑ አይናገርም። ሙሉጌታ ተነሥቶ በሩ ላይ ቆመ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ።

ልጅቷም ልቧን የከፈተችው እዚሁ ዘፈን ላይ ነው። ጸጥ ስላለ ተመቻት። ቃል በቃል ጽፌዋለሁ፦

"ወንድምዓለም፣ አሁን ጸጥ ብሏል፣ ልንገርህ። አባባ ለጥር ሊድሩኝ ነው። ሰውየው መርካቶ ሱቅ አለው ይላሉ። ሱቁን ነው እንዴ የማገባው? ፎቶውን አሳዩኝ፤ ጆሮው የኮባ ቅጠል ያክላል። አትሳቅ! አሥራ ሁለተኛን ሳልጨርስ አልሄድም። አስተማሪ መሆን ነው የምፈልገው። አንተ መልእክት ብትልክባቸው አባባ ይሰማሉ። ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም።"

ከዚያ አፍንጫዋን ስትስብ ይሰማል። ዘፈኑ ይቀጥላል።

ረቡዕ

የኮሚቴው ሰብሳቢ ሽኩር ደወለ። ሙሉጌታ አፉን መያዝ አልቻለም ማለት ነው። "አሰላሙ አለይኩም ጋሼ! ተገኘ የሚባለው እውነት ነው?" እውነት መሆኑን ነገርኩት፤ ልጅቷንም ነገርኩት። "ታዲያ ምን ችግር አለው? እንዲያውም ያስቃል እኮ!" የድምፁን ባለቤት ሳላገኝ እንደማላወጣው ነገርኩት። "ማን ይከስዎታል?" አለኝ። ጉዳዩ የክስ አይደለም አልኩት። ኮሚቴው የሚቀጥለው ረቡዕ ይሰበሰባል፤ እስከዚያ ጠብቁኝ አልኩ።

በእጄ ያለው፦ ጓደኛዋ አንዴ "አልማዝ፣ ቁጭ በይ፣ ሰው ጋረድሽ!" ትላታለች። እሷ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ስለ "አባባ ወፍጮ" ታነሣለች።

ቡታጅራ ለሚኖር የቆየ ወዳጄ ደወልኩ። በዚያ ዘመን ወፍጮ የነበራቸው፣ አልማዝ የምትባል ልጅና አሰብ የሄደ ወንድ ልጅ ያላቸው ሰው ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት። ሳልጨርስ ሳቀ። "ቲቸር አልማዝን ነው የምትፈልጋት? ልጆቼን በሙሉ ባዮሎጂ ያስተማረቻቸው እሷ ናት።"

አስተማሪ ሆናለች።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብቻዬን ፈገግ ብዬ ቆየሁ።

ሐሙስ

ቡታጅራ። ሁለት ጊዜ ተሳፍሬ ደረስኩ። ትምህርት ቤቱ ምዝገባ ላይ ነው፤ ግቢው በወላጅ ተሞልቷል። አልማዝን ቤተ ሙከራው ውስጥ አገኘኋት። አጠር ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትፈልገው ዓይነት ሴት ናት። "አንቺ ይበሉኝ ጋሼ፣ እርስዎ ሲሉኝ ኢንስፔክተር የመጣብኝ ይመስለኛል" አለችኝ።

ድምፁን ወደ ስልኬ ገልብጬዋለሁ። ማዳመጫውን ሰጠኋት። ሐኪም አይቶታል ወይ የሚሉት ሽማግሌ ላይ ስትደርስ ጮኻ ሳቀች። "ጎረቤታችን ናቸው! ነፍሳቸውን ይማር፣ እኚህ ሰው!" ጄኔሬተሩ የጠፋ ጊዜ ግን ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወረደች። ከዚህ በኋላ ያለውን አውቀዋለሁ አለች። ስንት ሰው እንደሰማው ጠየቀችኝ። እኔና ሙሉጌታ ብቻ አልኳት።

የነገረችኝ ይህን ነው። ካሴቱን ለመስቀል ወደ ወንድሟ በሚሄደው ቅቤ መሐል ደብቃ፣ ከነቅቤው በኮባ ተጠቅልሎ እንዲሄድ አደረገች። ለበዓሉ ቤቱ መግባት ላልቻለ ሰው ቅቤ ይላክለታል። ቅቤው እንዴት ካሴቱ ላይ እንደመጣ አወቅሁ ማለት ነው። ከወንድሟ ግን ስለ ካሴቱ መልስ አልመጣም። በኋላ ሲገናኙ ካሴት የሚባል አልደረሰኝም አለ። አላመነችውም። አሁን አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፤ በዓል በመጣ ቁጥር ታነሣበታለች። ባለፈው ፋሲካ ስልኩን ዘግታበታለች። "አልሰማሁሽም ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ሰምቶ ዝም ማለቱ ነው የሚያንገበግበኝ።" ይኸው ካሴቱ ከተገኘ ዘንድ ከእሱ ወጥቶ ነው እንጂ ከየት ይመጣል ትላለች።

ባለ ሱቁን አግብታው እንደሆነ ጠየቅኳት። "እሱን ነዋ፤ ተክሌን" አለች። "ጋሼ፣ በጣም ደግ ሰው ነው። ይሄን ይሰማል ብዬ ሳስብ ... ጆሮውን እኮ ነው የሰደብኩት።" መሳቅ ጀምራ ዓይኗ ዕንባ አቀረረ። የእሷን ድምፅ ቆርጠን እንድናወጣ፣ ካልተቻለ ካሴቱን ጨርሶ እንድንተወው ለመነችኝ፤ ለተክሌም እንዳልናገር አደራ አለችኝ።

ምሳ ካልበሉ አይሄዱም ብላ ወደ ባሏ ሱቅ ወሰደችኝ፤ ቤታቸው ከኋላው ነው። ተክሌ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነው፤ ሱቁን ከመርካቶ ወደዚህ ካዛወረ ቆይቷል። ሚስማር እየመዘነ አገኘነው። ጆሮውን ላለማየት ብዙ ጣርኩ። ትልቅ ነው።

ስለዚያ ኮንሰርት የሚጽፉ ጋዜጠኛ ብላ አስተዋወቀችኝ። ከሚዛኑ ቀና ብሎ አየኝና ተመልሶ አቀረቀረ። "ይልቅ ይሄን ሰውዬ ይጻፉት ጋሼ" አለች። "እኔን ለማግባት ፈርቶ ሁለት ጥር ያሳለፈ ሙሽራ ነው! አባቴ እስኪሞቱ 'ወላዋዩ' ነበር የሚሉት።"

"ሱቁ ችግር ላይ ነበር" አለ ተክሌ።

"በሁለቱም ጥር?"

"በሁለቱም ጥር።"

ሁለቱም ሳቁ። የቆየ ቀልዳቸው ነው። ምሳው ጥሩ ነበር።

ዓርብ

ሙሉጌታ የእሷ ድምፅ ከዘፈኑ አይለይም አለ። አዲስ አበባ ስቱዲዮ ላለው ለአንድ ዘመዱም ቁራጩን ልኮለት ነበር፤ በኮምፒውተር ሞክሮ መለሰው። የእሷን ድምፅ ሲያወጡት ጊታሩ ይሄዳል፣ ስሞቹን የሚጠራው ሕዝብም እንደ ነፋስ ይሆናል። ሌላው ዘፈን ሁሉ ይድናል። ሰው የሚፈልገው ግን ያንን አንዱን ነው።

"እኔን ከጠየቁኝ ጋሼ" አለ ሙሉጌታ፣ "ዘፈኑን ያለ እሷ መስማት አሁን አልችልም።" አልጠየቅኩትም። ግን እኔም እንደዚያው ነኝ።

ሽኩር መልእክት ልኳል፦ "እህሳ?" ብቻ።

ማን ላከው የሚለው ገና አልተፈታም። ወንድሟ አዲስ አበባ ነው ያለው፤ ካሴቱ የመጣው ከቡታጅራ ነው።

ቅዳሜ

ተክሌ መጣ። ቡታጅራ በገበያ ቀኗ ሱቁን ለሠራተኛ ትቶ መምጣቱ ብቻውን ዜና ነው። ተቀመጠ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፣ ሻይ አልፈልግም አለ።

"ካሴቱን የላክሁት እኔ ነኝ።"

እንደነገረኝ አሰፍረዋለሁ። የዚያን ዓመት መስቀል የመርካቶውን ሱቅ የሚጠብቅ ሰው ስለጠፋ እሱ አገር ቤት አልገባም። ስለዚህ ከአልማዝ እናት ቤት የወጣው ጥቅል ሁለት ነበር፤ አንዱ ለልጃቸው፣ አንዱ ለአማቻቸው። ሁለቱም ኮባ፣ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ገመድ የታሰሩ። የአውቶቡሱ ሾፌር ሁለቱንም ለተክሌ አስረከበው፤ የልጃቸውን ለአሰብ የጭነት መኪና ሾፌሮች እንዲያቀብል። ተክሌ አንዱን አቀበለ፣ ሌላውን ፈታ። ቅቤው መሐል ካሴት አገኘ።

"ለእኔ የተላከ መሰለኝ ጋሼ፤ 'ወንድምዓለም' የምትለውም እኔን። ደስ አለኝ። ሱቅ ውስጥ ሠራተኞቹ ሁሉ ባሉበት ከፍቼ አሰማኋቸው። እጮኛዬ ናት ብዬ!" እዚህ ላይ መሬት መሬት አየ። "ጆሮዬ ላይ ስትደርስ አጠፋሁት። እነሱ ግን ሰምተዋል። መርካቶ እስከ ዛሬ 'ኮባ' ነው የሚሉኝ። አልማዝ ስሙ ከየት እንደመጣ አታውቅም።"

የቀረውን ለብቻው ሰማው። መጀመሪያ ተናደደ፤ ሌላ ሴት ሞልቷል አለ። በሁለተኛው ቀን ደግሞ ሰማው። "ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም አለች እኮ። የተነገረው ሰው ደግሞ እኔ ሆንኩ። ምን ላድርግ?" ለአባቷ ልጅቷ ትማር ቢላቸው ማን ነገረህ ይሉታል፤ የሚቆጧት እሷን ነው። ስለዚህ ሱቁን አሳበበ፤ ዕቃ ተያዘብኝ አለ። በሁለተኛውም ጥር እንዲሁ። አባቷ ለሌላ ይሰጧታል ብሎ ሲሰጋ ከረመ። የመምህራን ማሠልጠኛውን ጨርሳ ስትመረቅ እንደ አዲስ ሽማግሌ ላከ፤ መጀመሪያ እሷ እንድትጠየቅ አዝዞ። እሺ አለች።

ለምን ሳይነግራት ኖረ? "በመጀመሪያው ዓመት አፈርኩ። ከዚያ ልጅ መጣ። ከዚያ ያ ቀልድ መጣ፤ ሁለት ጥር ያሳለፈው ሙሽራ የሚለው። ስትስቅ ደስ ይለኛል። ብነግራት ውለታ የማስቆጥር ይመስላል።"

አሁንስ ለምን? "ወንድሟን ስለምትበድለው። ስልኩን ስትዘጋበት አጠገቧ ነበርኩ። አሳስቼ ያቀበልኩት እኔ፣ የሚከሰሰው እሱ። አንተነህ ከሞተ በኋላ ደግሞ የእናንተ ማስታወቂያ መጣ።"

"ታዲያ ልንገራት?"

"ኧረ እንዳይነግሩብኝ!"

"እንግዲያው ለምን ላክኸው?"

"እሷ እንድትሰማው፣ ከወንድሟም እንድትታረቅ። እኔ መስማቴን ግን እንዳታውቅ።"

"ይሄ እንዴት ይሆናል ተክሌ?"

"እርስዎ ጋዜጠኛ ነዎት ብዬ ነዋ" አለኝ፣ ከልቡ።

ሲሄድ ባርኔጣውን እስከ ጆሮው ድረስ ሳበው። እስኪርቅ ጠብቄ ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቄ ቆመ። ባልም ሚስትም አንዱ ለሌላው እንዳልናገር አደራ ብለውኛል። አደራው አንድ ነገር ነው፤ ባለ አደራው እኔ።

እሑድ

አልማዝ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደወለች። ከኋላዋ የሚበተነው ሰው ጫጫታ ይሰማል። ወስናለች። ድምፁ የማይለይ ከሆነ ዘፈኑ በእሷ ምክንያት አይቀርም፤ ያ ክፍል ሴቶች የሚወልዱበት ነው። ግን መጀመሪያ ለተክሌ ራሷ ታሰማዋለች። "እሱ ሳይሰማ አገር አይሰማውም። ይቀየመኝ ይሆን ጋሼ? አይተውታል እኮ።"

የሚቀየም ሰው አልመሰለኝም አልኳት። ይህ እውነት ነው፣ አደራም አያፈርስም።

ቀጥላ ጠየቀችኝ። "ካሴቱን የላከው ወንድሜ ነው አይደል? ይንገሩኝና ይውጣልኝ።"

ትንሽ አሰብኩ። ላኪውን እንዳልናገር አደራ አለብኝ። ያልላከውን እንዳልናገር ግን ማንም አላለኝም። "ወንድምሽ አይደለም" አልኳት። "እውነቱን ነው የነገረሽ። ካሴቱ አልደረሰውም።"

አንድ ሰው አጠገቧ እንኳን አደረሰሽ ሲላት አልመለሰችም።

"ቅቤው ደርሶት ነበር እኮ" አለች። "አመስግኖ ጽፎ ነበር።"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

"ቅቤው ሁለት ጥቅል ነበር" አለች። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ "ሁለት ጥር።"

ከዚያ "ጋሼ፣ መልሼ እደውላለሁ" ብላ ዘጋችው።

አልደወለችም። ከሰዓት በኋላ የደወለው ተክሌ ነው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከሱቁ ጓዳ መሰለኝ። "ጋሼ፣ ምን ብለዋት ነው? ከቤተ ክርስቲያን ከመጣች ጀምሮ ምሳም አላቀረበች። ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ ጆሮዬን ታያለች።"

ተቆጥታ እንደሆነ ጠየቅኩት።

"አላውቅም። አልገባኝም። አሁን ስልክ ይዛለች። ከወንድሟ ጋር ነው የምታወራው ... ትስቃለች እንዴ? ቆይ፣ እየጠራችኝ ነው።" ከርቀት የሴት ድምፅ ሰማሁ። "ኮባ! አንተ ኮባ! ና ወዲህ!" የሚል መሰለኝ፤ መስመሩ ጥሩ ስላልነበረ እርግጠኛ አይደለሁም። ከሆነ ስሙ ከየት እንደመጣ ደርሳበታለች ማለት ነው። ስልኩ ተቋረጠ።

ካሴቱን እንደገና በፌስታል ጠቅልዬዋለሁ። ዋናውን ነው፣ ቅቤ የነካውን። ነገ ጠዋት በዚያው ሚኒባስ ለሁለቱም ብዬ እልከዋለሁ። ለሽኩር እስካሁን ምንም አላልኩትም። ይውጣ ወይ አይውጣ የሚሉት ባልና ሚስቱ ናቸው፤ ኮሚቴው የሚሰበሰበው ረቡዕ ነው።